እትዬ ቃጫና በጣት የሾረው ኩሽኔታ

ተረት ተረት!

ምነው ዝም አላችሁ? «የላም በረት» ልትሉኝ ከሆነ ተዉት፤ በዛሬው ተረት ላም የለችም። ላም ባሕር ላይ ምን ትሠራለች? «የጀልባ በረት» በሉኝ። እንደሱ! በሉ ጆሯችሁን ስጡኝ። ይህን ተረት በተረትኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ የሚስቅ ካለ ከወዲሁ ስቆ ይጨርስ።

በድሮ ጊዜ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በጨው ባሕር ዳር አንድ ወደብ ነበረ። በወደቡ አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ ነበረች። ወደቡ ላይ ከአንዲት የሮቃ ዛፍ በቀር ያለው ድንጋይና ጨው ብቻ ነው፤ ሣሩ ያለው ማዶ ደሴቱ ላይ ነው። ስለዚህ ጀልባዋ ፍየሎቹን ጠዋት ወደ ሣሩ ታሻግራለች፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ትመልሳለች።

የጀልባዋ አዛዥ ጉሬዛ ነበር። አያ ጉሬዛን ታውቁታላችሁ፤ ጀርባው ላይ ነጭ ካባ የደረበ፣ ጅራቱን ሲያበጥር የሚውል። ምሰሶ መውጣት ይችልበታል፣ አልዋሽም። ምሰሶ ጫፍ ላይ ሆኖ መታየት ደግሞ ከምግብ አብልጦ ይወዳል።

ሸራውን የምታወጣና የምታወርድ አንዲት ገመድ ነበረች፤ ስሟ እትዬ ቃጫ ነው። ዕድሜዋ የገፋ፣ ምላሷ የሰላ ገመድ ናት። ምሰሶው ጫፍ ላይ ጋሼ መዘውር ይኖራል፤ እሱ ክብ የእንጨት መንኮራኩር ነው፣ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። እትዬ ቃጫ በዚያ ቦይ ላይ ታልፋለች። አንዱን ጫፏን ሸራው ይይዛል፣ ሌላውን ጫፏን መርከበኞቹ ዝንጀሮዎች ይስባሉ። ሲስቧት ጋሼ መዘውር ይዞራል፣ ሸራው ይወጣል። ሲለቋት ጋሼ መዘውር ወደ ኋላ ይዞራል፣ ሸራው ይወርዳል። መዘውሩ ከዞረ ለሁሉም ሰላም ነው። መዘውሩ ካልዞረ መከራዋን የምታየው ገመዷ ናት።

እና አንድ ጊዜ የጋሼ መዘውር ወገብ ታመመ። መዘውር የሚዞረው በዘንግ ላይ ነው፤ በመዘውሩና በዘንጉ መካከል ደግሞ ቀለበት አለ። ያ ቀለበት ዕድሜ ልኩን አገልግሎ ተበልቶ አለቀ። ጋሼ መዘውር በዞረ ቁጥር ይንገዳገዳል፤ በተንገዳገደ ቁጥር የእትዬ ቃጫን ጎን ይነክሳታል።

«አያ ጉሬዛ፣ የጋሼን ቀለበት ለውጥለት፤ ጎኔን ጨረሰው» አለችው እትዬ ቃጫ።

«ነገ» አላት ጉሬዛ።

በማግስቱም፦ «አያ ጉሬዛ፣ ጎኔን እየው፤ ፈትሌ እየወጣ ነው» አለችው።

«ነገ አልኩሽ እኮ!» አላት።

በሦስተኛው ቀን ሸራው የምሰሶው ወገብ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። አልወጣም፣ አልወረደም። ፍየሎቹ ይህን አይተው ሳቁ። ጉሬዛ ከምሰሶው ጫፍ ሲሳቅበት ሰማ፤ ፊቱ ተለዋወጠ፤ «አሁኑኑ ይጠገን!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ ቃጫ እርር ድብን አለች። «አዬ! እኔ ስፋቅ ነገ፣ አንተ ስታፍር አሁኑኑ? ይሁን፣ ብቻ ይጠገን። ግን ልብ ብለህ ስማኝ ጉሬዛ። ይህ መዘውር ባሕር መሐል ቀጥ ካለ አንተ ካባህ ይረጥባል፤ የምቆረጠው ግን እኔ ነኝ።»

ጉሬዛ አልሰማትም፤ ጅራቱን ያበጥር ነበር።

የጀልባዋ ጠጋኝ ሸርጣን ነበር። ሁለት ጉጠት ከእጁ ጋር ተፈጥሮለት ሌላ ምን ሥራ ይይዛል? ወደ ጎን ወደ ጎን እየሄደ ምሰሶውን ወጣ፣ ጋሼ መዘውርን ነቀለ፣ አወረደና አሸዋው ላይ አስተኛው። «ጌታዬ፣ ቀለበቱ አልቋል፤ ሌላ ይመረጥለት» አለ።

አሁን እዚህ ላይ ጠጋ በሉ፤ የነገሩ መርዝ ያለው እዚህ ነው። በዚያ አገር ክብ ነገር ሁሉ የሚመረጠው በማሾር ቀን ነው። ሕዝቡ ከሮቃው ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ መራጩ ተወዳዳሪውን በአንድ ጣቱ ያሾረዋል፤ ሌሎቹ ሲቆሙ እሱ እየሾረ የቀረ ያሸንፋል። ይህ ወግ የመጣው ከየት ነው? ከእንዝርት ነው። የጥንት ሴቶች ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርት የሚመርጡት እንዲህ ነበር፤ ትክክልም ነበሩ፤ እንዝርት የሚሸከመው ክር ነው። የልጅ ልጆቻቸው ግን ወጉን ያዙና ምክንያቱን ጣሉት። የጋሪ ጎማም በጣት፣ የጉድጓድ መንኮራኩርም በጣት፣ የጀልባ መዘውርም በጣት! «አያቶቻችን እንዲህ ነው የመረጡት» ይላሉ ደግሞ ደረታቸውን ነፍተው። አያቶቻችሁ የመረጡት እንዝርት ነበር፣ እናንተ ደረቆች!

ይቅርታ፣ እናንተን አይደለም። እነሱን ነው።

የማሾር ቀን ደረሰ። ፍየሎቹ ተሰበሰቡ፣ ዝንጀሮዎቹ ተሰበሰቡ። ጉሬዛ ካባውን አራግፎ ከሮቃው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ቃጫን ጠቅልለው አሸዋው ላይ አኖሯት። ሦስት ተወዳዳሪዎች መጡ።

መጀመሪያ ከበሬ ቀንድ የተቆረጠ ቀለበት መጣ። «እኔ ቀላል ነኝ! እኔ ለስላሳ ነኝ! አባቴ አራሽ በሬ ነበር!» አለ። ጉሬዛ ዘንግ ላይ ሰክቶ በጣቱ አሾረው። ዞረ፣ ዞረ፣ ተንገዳገደና ቆመ። ፍየሎቹ ትንሽ አጨበጨቡ።

ቀጥሎ ቡናማ የነሐስ ቀለበት መጣ። «ነሐስ ነኝ። አልፎ አልፎ ዘይት ጠብ ብታደርጉልኝ ይበቃኛል» አለ። ጉሬዛ በጣቱ አሾረው። አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ቀጥ አለ።

ፍየሎቹ በሳቅ ፈረሱ። «ይሄ እንቅልፋም! ይሄ ነው ሸራ የሚያወጣው?»

በመጨረሻ ኩሽኔታ መጣ። የድሮ ዘመን ኩሽኔታ ነበረው ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ገመድ ሲናገር ያልጠየቃችሁ ለኩሽኔታ ምን አስጨነቃችሁ? ብረቱ ፊት ያሳያል። ሆዱ ውስጥ ብይ የሚያካክሉ ፍሬዎች ተደርድረዋል፣ እርስ በርሳቸው ይንሾካሾካሉ። «እኔን እዩ! ካየችኝ ጀምሮ ፀሐይ ራሷ እኔ ላይ ነው የምትውለው!» አለ። ጉሬዛ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው። ሾረ። ሾረ። ፍየሎቹ ዘፈን ጀመሩ፣ ይሾራል። ፍየሎቹ ዘፈኑን ጨረሱ፣ ይሾራል። ጉሬዛ ተነሥቶ በካባው አብሮ ዞረ፣ ኩሽኔታው አሁንም ይሾራል።

«ተመርጧል!» አለ ጉሬዛ።

«ቆይ!» አለች እትዬ ቃጫ። ድምፅዋ ጭብጨባውን ሰንጥቆ ወጣ። «ቆይ! ይሄ ምርጫ ነው? ባዶውን ማንም ይሾራል፤ ተሸክሞ ይዙር! እኔ ፈትል አይደለሁም፣ እኔ የምጎትተው ጥጥ አይደለም! ሸራው ከነነፋሱ ነው እኔ ላይ የሚንጠለጠለው፤ እኔ ደግሞ እዚህ ቀለበት ላይ። ድንጋይ አንጠልጥሉበት፣ እንየው! ባሕር ውስጥ ንከሩት፣ እንየው!»

«እትዬ ቃጫ፣ አንቺ ደግሞ በሠርግ ቀን ለቅሶ!» አላት ጉሬዛ። ፍየሎቹ ሳቁ።

እትዬ ቃጫ ወደ ሸርጣን ዞረች። «አንተ ሸርጣን! አንተ በባሕር ውስጥ ነው የምትኖረው። ጨው ብረትን ምን እንደሚያደርገው ከአንተ በላይ ማን ያውቃል? ተናገር እንጂ!»

ሸርጣን ጉሬዛን አየ። ነሐሱን አየ። አሸዋውን አየ። «እትዬ... ጌታዬ መርጠዋል። እኔ ምን አገባኝ፣ እኔ ጠጋኝ ነኝ» አለና ወደ ጎን ወደ ጎን እያለ ከዛፉ ጀርባ ዞረ።

በዚህ ጊዜ የእትዬ ቃጫ አንጀት አረረ። የማያውቅ ቢሳሳት ምን ይደረጋል፣ አላወቀም። አውቆ ዝም ያለ ግን! በጉሬዛ ከተናደደችው ይልቅ በሸርጣን የተናደደችው ባሰ። «ሂድ፣ ወደ ጎን ሂድ! አንድ ቀን ፊት ለፊት የምትመጣበት ጉዳይ ይገጥምሃል!» ብላ ጮኸችበት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? እሷም ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ሸርጣን ኩሽኔታውን በጋሼ መዘውር ሆድ ውስጥ አስገባ፣ ዘንጉን አሳለፈ፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ ሰቀላቸው። ጀልባዋም ወጣች።

በባሕሩ ላይ ሦስት ወንድማማች ነፋሶች ይኖራሉ። በመጀመሪያ ታናሹ፣ ለስላሳው ነፋስ መጣ። ሸራውን ዳሰስ አደረገና፦ «አያ ጉሬዛ፣ መዘውርህ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ይሾራል!» አለ ጉሬዛ ከምሰሶው ጫፍ።

እውነትም ይሾር ነበር። እትዬ ቃጫ በጋሼ መዘውር ላይ ስታልፍ ምንም አልቆረቆራትም። ዝንጀሮዎቹ በሁለት እጅ ይስቡት የነበረውን በአንድ እጅ ሳቡት። ሸራው እየፎከረ ወጣ፣ እየፎከረ ወረደ።

«እትዬ ቃጫ፣ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ? ምላስሽን ባሕር ወሰደው?» አሉ ፍየሎቹ።

«ዛሬ ደረቅ ነው። ዛሬ ነፋሱ ልጅ ነው። ባዶውን ማንም ይሾራል» አለች። ፍየሎቹ እስኪደክማቸው ሳቁባት። እሷም መዘውሩ ደልቷት ሳለ መናደዷ ራሷን ይበልጥ አናደዳት። ኧረ ተሳስቼ ይሆን ብላ ለራሷ አሰበች፤ ግን ማዕበሉ በተፈናጠቀ ቁጥር ጨዋማው ውሃ ምሰሶውን ወጥቶ ጋሼ መዘውር ላይ ሲያርፍ ታያለች። ጠብ ይላል፣ ይደርቃል፤ ጠብ ይላል፣ ይደርቃል። ጨው ቸኩሎ አያውቅም።

ክረምት ገብቶ ወጣ። መካከለኛው ነፋስ መጣ። እሱ ጎልማሳ ነው፣ ትከሻ አለው። ሸራውን በደረቱ ገፍቶ፦ «አያ ጉሬዛ፣ መዘውርህ እንዴት ነው?» አለ።

«ይሾራል!» አለ ጉሬዛ።

*ክርርር* አለ መዘውሩ።

«ምን አለ?» አለ ነፋሱ።

«ዘፈን ነው!» አለ ጉሬዛ።

ዘፈን! እትዬ ቃጫ ከቦዩ ላይ ሆና ዘፈኑን ሰማችው። ብረቱ ዝጓል፤ ቀይ ውሃ በጋሼ መዘውር ጉንጭ ላይ ይወርዳል። ፍሬዎቹም አይንሾካሾኩም። ሸራው በነፋስ ተነፍቶ ተሰቅሎ ሲውል ጭነቱ ሁሉ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ያርፋል፤ እነሱም የተቀመጡበትን ብረት ቦረቦሩት። ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ተኙ።

«ጋሼ፣ ምን ተሰማህ?» አለችው።

«ውስጤ አሸዋ የገባ ይመስለኛል። ልዙር እላለሁ፣ የሚይዘኝ አለ» አላት ጋሼ መዘውር ቀስ ብሎ። ሁልጊዜም ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ተቆጥቶ አያውቅም። ለሁለት የምትቆጣው እሷ ናት።

ኩሽኔታው በዚያው ማልቀስ ጀመረ። «እትዬ ቃጫ፣ እኔ ስለ ጨው ማንም አልነገረኝም! ሹር አሉኝ፣ ሾርኩ። ጥፋቴ ምንድን ነው?»

እትዬ ቃጫ ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ትለዋለች? «አንተንም አልጠየቁህም፣ እኔንም አልሰሙኝም። ዝም ብለህ ያዝ» አለችው። ከዚያም ጮኸች፦ «ጉሬዛ! ነሐሱን አስገባ! ዛሬውኑ አስገባ! ወጀብ ከመጣ አልቀናል!»

«ቅባት ቀቡት» አለ ጉሬዛ።

ቀቡት። ማዕበሉ አጠበው። ደግመው ቀቡት። ደግሞ አጠበው።

«በማሾር ቀን ያሸነፈን እንዴት አወርዳለሁ? ፍየሎቹ ምን ይሉኛል? አንድ ጊዜ ተመርጧል!» አለ ጉሬዛ። ሸርጣንም ከታች ሆኖ ይሰማል። ዝገቱን በዓይኑ አይቷል፣ በጉጠቱ ነክቷል። ጎንበስ አለና ወደ ጎን ሄደ።

አያችሁልኝ? ከመሞት መሰንበት ይላሉ፤ ጉሬዛ ግን ከማፈር መስጠም ይሻለዋል። እሱ ብቻውን ቢሰጥም ምን ገዶኝ! ጀልባዋ ላይ እኮ ፍየል ሙሉ ነው፣ ከነግልገሉ።

ሰነባበተና ታላቁ ነፋስ መጣ። እሱ ወጀብ ነው። እሱ «እንዴት ነው» ብሎ አይጠይቅም።

ጀልባዋ ፍየሎቹን ይዛ ከደሴቱ እየተመለሰች ነበር። ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቆረ፤ ባሕሩ ዝም አለ፤ ከዚያ ወጀቡ በአንድ ጊዜ ሸራው ላይ ወጣበት። ጀልባዋ ወደ ጎን ተጋደመች። ፍየሎቹ ተንከባለው አንዱ ጎን ላይ ተከመሩ፣ ውሃው ቀንዳቸው ድረስ ገባ።

«አውርዱኝ!» ብሎ ጮኸ ሸራው። «እኔን አውርዱኝ እንጂ! እኔ እስካለሁ ድረስ ይገለብጠናል!»

«ሸራው ይውረድ!» አለ ጉሬዛ።

ዝንጀሮዎቹ እትዬ ቃጫን ለቀቋት። ሸራው አልወረደም። ሳቧት፣ ለቀቋት፤ ሳቧት፣ ለቀቋት። ጋሼ መዘውር ሊዞር ሞከረ፤ *ክርር... ክር... ቀጭ።* የዛጉት ፍሬዎች ተፈረካከሱ። ጋሼ መዘውር በዘንጉ ላይ ጋደል አለ፤ እትዬ ቃጫም ከቦይዋ ወጥታ በመዘውሩና እሱን ባቀፈው የእንጨት ቤት መካከል ተቀረቀረች። ወደ ላይ የለም፣ ወደ ታች የለም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ያ ሁሉ ጭብጨባ የተጨበጨበለት ኩሽኔታ ድምፁ ጠፋ።

ጉሬዛ ምሰሶውን በሩጫ ወጣ። ምን ሊያደርግ መሰላችሁ? ጋሼ መዘውርን በጣቱ ሊያሾረው! በዚያ ወጀብ፣ በአንድ ጣቱ! «ሹር! ሹር እንጂ! ትሾር አልነበር እንዴ!» እያለ በጣቱ ይገፋል።

«አንተ ጉድ!» አለችው እትዬ ቃጫ። ወጀቡ ጎኗን ቢላጭም ድምፅዋ ግን አልተላጨም። «ጣትህን አንሣ! ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ! አንጠልጥሉበት አልኩህ። ባሕር ውስጥ ንከሩት አልኩህ። ለውጠው አልኩህ። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው፣ ታውቀዋለህ።»

ጉሬዛ ያውቀዋል። ነጩ ካባው ረጥቦ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። ወደ ታች አየ። ግልገሎቹ እናቶቻቸው ጀርባ ላይ ሊወጡ ይታገላሉ። «ሸርጣን! ና ቁረጣት!» ብሎ ጮኸ።

ሸርጣን ምሰሶውን ወጣ። እያለቀሰ ነው የወጣው። ከእትዬ ቃጫ ዘንድ ሲደርስ እንደ ልማዱ ወደ ጎኗ ዞረ።

«አይሆንም!» አለችው። «ዛሬ በጎን አትመጣብኝም። ፊት ለፊት ና። እያየኸኝ ቁረጠኝ።»

«እትዬ፣ እባክሽ...»

«እባክሽ? ያኔ ከሮቃው ሥር ሆኜ ተናገር ስልህ የት ነበርክ? ያኔ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ዛሬ ጉጠትህን አታነሣብኝም ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ሸራ የያዝኩት በደህና አርጅቼ በደህና ልጣል ብዬ ነው። በሰው ዝምታ ልቆረጥ ብዬ አይደለም። ተናድጃለሁ፣ ሸርጣን! እየተቆረጥኩም ተናድጃለሁ! በል ቁረጥ፣ ግልገሎቹ ይሰጥማሉ!»

ሸርጣን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ሄደ። እያያት ቆረጣት።

ሸራው ወደቀ። ጀልባዋ ተንገዳገደች፣ ቀና አለች። ወጀቡ የሚይዘው ነገር አጥቶ በላያቸው አለፈ። ዝንጀሮዎቹ በመቅዘፊያ እየቀዘፉ ወደቡ ደረሱ። አንድም ግልገል አልሞተም። እትዬ ቃጫ ግን ግማሿ ከሸራው ጋር፣ ግማሿ ከምሰሶው ሥር ወድቃ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ወጀቡ ባለፈ በሳምንቱ ጉሬዛ ካባውን አድርቆ፣ ጅራቱን አበጥሮ ከሮቃው ሥር ቆመ። ምን አለ? «ሌላ የማሾር ቀን ይደረግ! አሁን ደግሞ ከበፊቱ አብልጦ የሚሾር ኩሽኔታ እንመርጣለን!»

ፍየሎቹስ? አጨበጨቡ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እነዚህ ግን ጅቡ ሄዶም አልጮኹ፣ ጅቡን መልሰው ሊጠሩት ነው እንጂ!

እትዬ ቃጫ ከአሸዋው ላይ፣ ግማሽ ሆና፣ በቀራት ድምፅ ጮኸች፦ «ባዶውን ማንም ይሾራል! ተሸክሞ ይዙር!»

የሳቀ አልነበረም። ያኔ ከፍየሎቹ መካከል ሸርጣን ወጣ። ወደ ጎን አልሄደም፤ ቀጥ ብሎ፣ ፊት ለፊት፣ ጉሬዛ እስከቆመበት ድረስ ሄደ። ፍየሎቹ ይህን ሲያዩ መንገድ ለቀቁለት።

«ጌታዬ፣ መራጩ ማን ነው?» አለ ሸርጣን።

«እኔ ነኛ!» አለ ጉሬዛ።

«እንግዲያው ይንጠልጠሉበት።»

«ምን?»

«ገመዷ እንድትንጠለጠልበት የሚመርጡ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ መጀመሪያ እርስዎ ይንጠልጠሉበት። ጭነት ይፈለጋል፤ ጭነቱ መራጩ ይሁን።»

ጉሬዛ ሊቆጣ ቃጣ፤ ግን ግልገሎቻቸው ሊሰጥሙባቸው የነበሩት እናት ፍየሎች ቀንዳቸውን ዝቅ አድርገው ቀረብ ቀረብ አሉ። ጉሬዛ ቀንዳቸውን አየና «እሺ» አለ።

ሸርጣን የቀንዱን፣ የነሐሱንና አንድ አዲስ ኩሽኔታ ወስዶ ባሕር ውስጥ ነከራቸው፤ ለሳምንታት እዚያው ተዋቸው። ከዚያ በባሕሩ ላይ በተዘረጋው የሮቃው ቅርንጫፍ ጋሼ መዘውርን ሰቀለው። በላዩ የእትዬ ቃጫን ግማሽ አሳለፈ። በጫፏ ጉሬዛን አሰረ። ከታች ባሕሩ አለ።

መጀመሪያ የቀንዱን ቀለበት አስገባ። ዝንጀሮዎቹ ጉሬዛን ወደ ላይ ሳቡት፣ ሊያወርዱት ሲሉ ቀንዱ *ጧ!* አለና ተሰነጠቀ። ጋሼ መዘውር በአንድ ጊዜ ዘንጉ ላይ ዱብ አለ፤ ገመዷም ከዝንጀሮዎቹ እጅ አመለጠች። ጉሬዛ ከነካባው ባሕር ገባ።

አወጡት። ሸርጣን አዲሱን ኩሽኔታ አነሣ። ኩሽኔታው በጨው ውሃ ቀልቶ፣ ፍሬዎቹ ተያይዘው ነበር።

«አይ! አይ! እሱን አታምጡብኝ!» ብሎ ጮኸ ጉሬዛ፣ ውሃ እየተፋ።

«ለምን? ይሾር የለም እንዴ?» አለችው እትዬ ቃጫ።

ጉሬዛ የካባውን ውሃ ጨመቀ።

በመጨረሻ ነሐሱ ገባ። ጨው ትንሽ አረንጓዴ አድርጎታል፤ ሸርጣን በጨርቅ ጠረገውና ዘይት ጠብ አደረገለት። ጉሬዛን ሳቡት። ቀስ ብሎ ወጣ። ለቀቁት። ቀስ ብሎ ወረደ። ደገሙት፣ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ድምፅ የለም፣ መንገዳገድ የለም። ማንም አላጨበጨበም፤ የሚያስጨበጭብ ነገር አልነበረውም።

«ነሐሱ ይሁን፤ አሁን ፍቱኝ» አለ ጉሬዛ በቀጭን ድምፅ።

ነሐሱ ከነጋሼ መዘውር ጀልባዋ ላይ ተሰቀለ፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አዲሱን ኩሽኔታ ዝገቱን ፍቀው፣ ከባሕር ርቆ ወዳለው ወፍጮ ቤት ወሰዱት። እዚያ ደረቅ ነው፣ እዚያ ቀን ሙሉ መሾር ነው ሥራው፤ ጠግቦ ይሾራል። ድሮውንም ክፉ አልነበረም፤ ክፉው ያለ ቦታው የሰደደው ነበር።

ከዚያ ጉሬዛ እትዬ ቃጫ አጠገብ መጥቶ አንገቱን ደፋ። «እትዬ ቃጫ፣ ይቅር በይኝ» አላት።

እትዬ ቃጫ ግማሿ ከሮቃው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላለች፤ ግማሿ አሸዋው ላይ ተኝታለች።

«የትኛዋን ነው የምትለው?» አለችው።

ጉሬዛ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። ካባውን ሰብስቦ ሄደ።

እሷን መልሶ ለሸራ የሚያደርሳት ርዝመት አልነበራትም፤ ሸራውን ሌላ ገመድ ያዘው። ስለዚህ ከሮቃው ላይ ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ወደብ ማንም ማንኛውንም ነገር ሊመርጥ ቢመጣ በእሷ ታስሮ ይንጠለጠላል። ብዙዎቹ ገና ሲታሰሩ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። እሷም እስከ ዛሬ ንዴቷ አልበረደላትም፤ ነፋስ ሲያወዛውዛት ታጉረመርማለች ይላሉ። ትክክል ናት። እኔም ብሆን አይበርድልኝም።

መራጭ ይንጠልጠልበት፤ የማይንጠለጠል አይምረጥ።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በውሃ አብሱልኝ። ጨው የሌለበት ይሁን።